ቀድሜ የያዝኩት ቦታ

ልጄ ተመርቃ ንፋስ መውጫ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ፈተና ላከላት። ካለፈች ሥራው የሷ ነው። ከወደቀች እንደተለመደው ቤት መቀመጥ፣ ጎረቤት "እስካሁን አልያዘችም?" እያለ ሲጠይቅ መስማት። እኔ እህል ነጋዴ ነኝ፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥዬ የቀረውን ወገዳ ገበያ ላይ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ ፈተና ሲሉኝ የሚመጣልኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነበር።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። እሷ ፕሮግራም ትጽፋለች። ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ በር ከፍቶ ይጠብቃል። በቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የፈታኞቹ ማሽን ከአዲስ አበባ በኔትወርክ መጥቶ በዚያ በር ይገባል፣ ጥያቄ ይልካል፣ የሷ ፕሮግራም ይመልሳል። ሰውና ሰው አይገናኝም።

"ስንት ጊዜ ነው የሚመጣው?" አልኳት።

"አንድ ጊዜ።"

"ባይጥምሽስ? ሰው እኮ ገዝቶ ወስዶም ይመልሳል።"

"ማሽን ነው አባባ። አይከራከሩትም።"

ያን ጊዜውኑ ነገሩ አላማረኝም። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በመከራከር ነው።

ገመድ ያለው ኢንተርኔት በከተማችን ካላቸው ጥቂት ሱቆች አንዱ የኔ መጋዘን ነው። ያስገባሁት የአዲስ አበባን የእህል ዋጋ ከደላላ ቀድሜ ልስማ ብዬ ነው፤ ደላሎቹ አሁንም ይቀድሙኛል። ልጄ ከሚዛኑ ጀርባ፣ በባቄላው ማዳበሪያና በግድግዳው መሀል ጠረጴዛ አስገብታ አንድ ወር ሙሉ እዚያው ከረመች። ደንበኛ በሌለ ሰዓት ወንበሬን ሳብ አድርጌ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፊደሉ ነጭ፣ እኔ ከዚያ ውስጥ የማውቀው ቁጥሮቹን ብቻ።

"እስቲ ምን እንደምትሠሪ ንገሪኝ፤ ለሰው ስናገር እንዳላፍር" አልኳት አንድ ቀን።

"ሶኬት ነው የምከፍተው።"

ግድግዳውን አየሁ። ሁለት ሶኬት አለን፤ አንዱ አይሠራም። ሳቀች።

"እሱን አይደለም አባባ። መገናኛ ጫፍ ይበሉት። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን፣ 'አንድ ጫፍ ክፈትልኝ' ይለዋል። ኮምፒዩተሩ ከፍቶ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ያንን ጫፍ በቁጥሩ ነው የሚጠራው።"

"ከዚያ ሰው ይመጣል?"

"የት ይመጣል? ጫፉ ተከፈተ እንጂ አድራሻ የለውም። አድራሻ ይታሰርለታል። ከዚያ ማዳመጥ ይጀምራል። ከዚያ የመጣውን ይቀበላል።"

ይሄን ስትለኝ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በጉልምስናዬ ወገዳ ስነግድ የገበያ ቀን ከመንጋቱ በፊት ወርደን ቦታ እንይዝ ነበር። ድንጋይ ታስቀምጣለህ፣ በላዩ ባዶ ማዳበሪያህን ታነጥፋለህ። ከዚያ ሻይ ልትጠጣ ብትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስመህ ብትመለስ፣ ያን ማዳበሪያ የሚያነሳው የለም። ያነሳ ሰው ገበያው ሙሉ ይጮህበታል፤ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይሸጥም። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የደረሰ ግን ከአህዮቹ ጎን ጭቃው ላይ ይቀመጣል፤ ገዢ እሱ ጋ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። በዚህ ሥራ የሰነበትኩት ከሌላው የተሻለ እህል ኖሮኝ አይደለም። ከሌላው ቀድሜ ስለምነሳ ነው።

ይሄንኑ ነገርኳት። ጠረጴዛውን መታ አድርጋ፣ "በትክክል! እንደሱ ነው!" አለችኝ። "አንዱ ፕሮግራም የያዘውን አድራሻ ሌላው መጥቶ ልያዝ ቢል ኮምፒዩተሩ እምቢ ይለዋል።"

ሳምንቱን ሙሉ ኮራሁ። አጠገቤ ጨርቅ ለሚሸጠው ጎረቤቴ ሶኬት ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ወላሂ አንተ ሰውዬ ገብስ የምትሸጠው ዕውቀትህን ልትደብቅ ነው" አለኝ።

ቀጠሮው ሲቃረብ የቻልኩትን ሁሉ አዘጋጀሁ። መብራት ይጠፋል ብዬ ጄኔሬተር ተዋስኩ። ገመዱን አይጥ እንዳይበላው በቧንቧ ውስጥ አሳለፍኩት። ከጀርባችን ያለውን የወፍጮ ባለቤት፣ "በዚያች ቀን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት እባክህ አታስነሳው፤ ስታስነሳው መብራቱ ይደክማል" ብዬ ለመንኩት፤ እሺ አለ። የማወርደውን ጭነት ወደ ማግስቱ አዛወርኩ። ጨርቅ ሻጩ ጄኔሬተሩን ሲያይ፣ "ሙሽራ ነው እንዴ የምትቀበሉት?" አለኝ። "ከሙሽራ ይበልጣል" አልኩት። እናቷ በበኩሏ ስለት ተሳለች፤ የተሳለችውን አልነገረችንም።

በዋዜማው ማታ እራት ላይ ልጄ ጉርሻዋን አፏ አጠገብ አድርሳ ቆመች።

"ግማሹ ቢመጣስ?" አለች።

"የምን ግማሽ?" አለች እናቷ።

"መልእክቱ። በኔትወርክ የሚላክ ነገር ሁልጊዜ አንድ ላይ አይደርስም። ግማሹ ደርሶ ግማሹ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። የኔ ፕሮግራም የደረሰውን ብቻ ሰምቶ መልስ ይሰጣል።"

ይሄም ገባኝ። ባለቤቱ ዋጋውን ተናግሮ ሳይጨርስ "ተሽጧል!" የሚል ደላላ አውቃለሁ፤ ከሱ ጋር መሥራት ካቆምኩ ቆይቷል።

"ከባድ ነው ማስተካከሉ?" አልኳት።

"አይደለም፤ ሙሉው እስኪደርስ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ጥቂት መስመር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገብቼ እጨርሰዋለሁ።" ኮምፒዩተሩን መጋዘን ትታው ነበር የመጣችው። በማግስቱ እናቷ ኪዳን ሳታስደርሳት አትለቃትም፤ ይሄ ቤታችን ውስጥ የማይከራከሩበት ሌላው ነገር ነው።

እኔ እንደ ልማዴ ከሁሉ ቀድሜ አንድ ሰዓት ላይ መጋዘኑን ከፈትኩ። መብራት አለ። ኔትወርኩ አለ፤ ገመዱ የሚገባባት የኢንተርኔት ሳጥን መብራት አረንጓዴ ነው። ወፍጮው ጸጥ ብሏል። ሚዛኑን ጠረግኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ኮምፒዩተሩን አየሁት፤ ተዘግቶ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ላይ እንግዳ ይመጣል፣ ቦታው ግን ባዶ ነው። ባዶ ቦታ እያየሁ መቀመጥ አልችልም። ሌላ ቀድሞ ቢይዘውስ?

ማን ይይዘዋል ብትሉኝ መልስ የለኝም። ያን ጠዋት ግን ይሄ ጥያቄ አልመጣልኝም።

አንድ ወር ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ክዳኑን አነሳሁ። የይለፍ ቃሉ የእናቷ ስም ነው። ጥቁሩ መስኮት ትናንት እንደተወችው አለ። ወደ ላይ የምታመለክተዋን ቀስት ስትጫን የመጨረሻው ትእዛዝ ይመጣላታል፤ ከዚያ ትልቁን ቁልፍ ትመታለች። እንደዚያው አደረግኩ። የማውቃት መስመር ብቅ አለች፤ እንግዳ እየጠበቅኩ ነው የምትለው። በስመ አብ ብዬ፣ ማንም እንዳይነካብን ብዬ፣ ከመስኮቱ ጥግ ያለችውን ትንሽ ሰረዝ ነክቼ ወደ ታች አወረድኩት። ክዳኑን እንደተከፈተ ተውኩት። ቦታ ተያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሳምንት ሻዬን ትኩስ ሳለ ጠጣሁ።

ልጄ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋን እንደለበሰች ገባች። ሰላምታም አልሰጠችኝ። አዲስ መስኮት ከፈተች፣ ጥቂት መስመር ጻፈች፣ አነበበች፣ አንድ ቃል አጠፋች፣ መልሳ ጻፈች። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ቁልፉን መታች።

አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። ፊቷን አየሁ።

"ምን አለ?"

"አድራሻው ተይዟል ይላል።"

ልቤ መጀመሪያ ደስ አለው። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተቀመጥኩት፤ ደስ አለው። እንዴታ፣ ይዤልሽ ነዋ። ይሄን ልላት አፌን ስከፍት ቀና አለች፤ ዓይኗን ሳይ አፌን መልሼ ዘጋሁት።

"የትናንትናው ገና አልለቀቀም ይሆናል" አለች ለራሷ። "አንዳንዴ ከተዘጋም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ይለቃል።"

ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ይለቃል ብላለች፤ ከለቀቀ ምን አስለፈለፈኝ? እኔ ራሴ ካልተናዘዝኩ በቀር ነገሬ የማይታወቅባት ዓለም ውስጥ ነው የነገድኩት። መልሳ መታች። ተይዟል።

"ሌላ ቁጥር ውሰጂ" አልኳት።

"የሰጠኋቸው ይሄንን ነው። እነሱ የሚመጡት ወደዚህ ብቻ ነው።"

"አጥፍተሽ አብሪው።"

"ለመነሳት ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል፤ አሮጌ መሆኑን እያወቁ? ሳይነሳ ይደርሱብኛል።"

መታች። ተይዟል። አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ፍርድ ቤት ቆሜ አውቃለሁ፣ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ሲንሸራተት ውስጡ ነበርኩ፤ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። በቀጥታ መናገር አቃተኝና በነጋዴ አነጋገር ጀመርኩ።

"ምናልባት… ሌላ ሰው ቀድሞ ከፍቶት ቢሆንስ?"

"ማን ይከፍተዋል አባባ?" አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ።

የተጠረገውን ሚዛን መልሼ መጥረግ ያዝኩ።

ቀስ ብላ ዞረች። ይቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔ ገዢን ሳታልል አጠገቤ ቆማ አድጋለች፤ ስዋሽ ምን እንደምመስል ከእናቷ ይልቅ ታውቃለች።

"አባባ። ነክተውት ነበር?"

"ቦታ ልያዝልሽ ብዬ ነው።"

አልጮኸችም። ወደ ታች የወረደውን መስኮት ፈልጋ አወጣችው። ወጥቶ ሳይጨርስ፣ ያቺ እንግዳ እየጠበቅኩ ነው የምትለው መስመር ሥር ሌላ መስመር ተጻፈ። ከሥሯ ሌላ። የሳጥኗ መብራት በፍጥነት ብልጭ ብልጭ ይላል። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ አራት ሰዓት ሆኗል። እንደነዚህ ፈታኞች ቀጠሮ አክባሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

"ገቡ" አለች። "አሮጌው ነው የተቀበላቸው።"

"ዝጊው! ዝጊና አዲሱን ክፈቺ!"

"በመሀል ከዘጋሁት ግንኙነቱ ይቋረጣል። ተቋርጦብን ይመለሳሉ ወይስ አይመለሱም አላውቅም። ከተውኩት ደግሞ ግማሽ በመጣ ቁጥር ስህተት ይመልሳል።" ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። "ልዝጋው ወይስ ልተወው?"

እኔን ነው የጠየቀችው። ዋጋ ሲወርድ ልሽጥ ወይስ ልያዝ የሚለውን ስንት ሰው እየመጣ ጠይቆኛል፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ፤ ትክክል ባይሆንም እንኳ መልስ ነበረኝ። ለሷ ግን ምንም አጣሁ።

አልዘጋችውም። አብረን ተቀምጠን አየን። ጥያቄ ይመጣል፣ ይመለሳል። አንዳንዱ ሙሉ ነው፤ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አንዳንዱ ተቆርጦ ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ሌላኛውን ግማሽ ሳይጠብቅ ይመልሳል፤ ዓይኗን ትጨፍናለች። እኔ ስክሪኑን ማንበብ ስለማልችል የማነበው ፊቷን ነበር። ጮክ ብዬ "ቆይ! አልጨረሰም!" ማለት አምሮኝ ነበር፤ ለማን? ፈተናው ሻይ ፈልቶ ሳይገነፍል አለቀ። ሄዱ የምትል መስመር ወጣች፤ እሷን ደግሞ ቃሏን አውቃታለሁ።

ያን ጊዜ አሮጌውን ዘጋችው፣ አዲሱን አስነሳችው። በመጀመሪያው ምት ተከፈተ። አድራሻ ያዘ፣ አዳመጠ። ምንም እንከን አልነበረበትም።

የሚወቀስ ፈለግኩ። መብራት ጠፍቶ ቢሆን፣ ኔትወርኩ ተቆርጦ ቢሆን፣ ወፍጮው ተነስቶ ቢሆን፣ ለሁሉም ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። ሁሉም በቦታው ነበር። ጄኔሬተሩ ደጅ ላይ ነዳጅ ሞልቶ ቆሟል።

"እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው" አልኳት። "ምንም የማያውቅ አባት አለኝ፣ ጠዋት ገብቶ ነካካው፣ ጥፋቱ የኔ አይደለም በይ። እኔም ልፈርምበት።"

"አባቴ ነው ያበላሸው ብዬ?" ሳቅ መሰለኝ፣ አልነበረም። "ይሄን እኮ የአንደኛ ክፍል ልጅ ነው የሚለው። ማን ያምነኛል?"

"እውነት ነው እኮ።"

"እውነት ነው። ግን አልልም።"

ለብቻዋ ጻፈች። ስትጨርስ በአማርኛ አንብቢልኝ አልኳት፤ የቆየውን ፕሮግራም ሳልዘጋ ቀርቼ እሱ ተቀበላችሁ፣ የተስተካከለው አሁን ክፍት ነው፣ ከፈቀዳችሁ ድጋሚ ግቡ፣ የሚል ነው። በደብዳቤው ውስጥ እኔ የለሁም። ፈልጌ ነበር፤ የለሁም።

ስምንት ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ስላሳወቅሽን እናመሰግናለን፣ የመዘገብነው በሰዓቱ የተሰጠውን መልስ ነው፣ ለሁሉም ተፈታኝ ሕጉ አንድ ነው።

"ስልካቸውን ስጪኝ" አልኳት።

"ስልክ የላቸውም።"

"ስልክ የሌለው ድርጅት አለ እንዴ? አንድ የአገራችን ሰው አይጠፋም፤ የጋይንት ሰው፣ የስማዳ ሰው፣ እስቴ የተወለደ…"

"ቢኖርስ ምን ሊሉት ነው?"

ምን እለዋለሁ? ልጄ ታውቃለች፣ የማላውቀው እኔ ነኝ ልለው ነው። ይሄን የማያውቅ ማን አለ?

ከሰዓት በኋላ ገዢ መጣ፣ ባቄላ መዘንኩ። ጨርቅ ሻጩ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ "እንግዳችሁ መጣ?" አለኝ። "መጥቶ ሄደ" አልኩት። ፊቴን አየና መቀለዱን ትቶ ተመለሰ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ክንዷን አጣጥፋ ስክሪኑን ታያለች። ምሳ አመጣሁላት፣ አልነካችውም። እናቷ ሁለት ጊዜ ደወለች፤ ሁለቱንም ጊዜ እኔ አንስቼ "ገና ነው" አልኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ነጠላዋን አነሳች።

"ኮምፒዩተሩን ይዘሽ አትሄጂም?"

"ይቆይ።"

"ክፍት ነው እኮ። እየጠበቀ ነው።"

"አውቃለሁ። ምናልባት ሐሳባቸውን ቀይረው ቢገቡ ክፍት ያግኙት። ይቆይ ዛሬ።"

ወጣች። እስክትርቅ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት፤ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይዛ ባጃጅ ሳትጠራ በእግሯ ሄደች። ተመልሼ ገባሁና ከሚዛኑ ጀርባ ቆምኩ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ያቺ አንድ መስመር አለች፤ ከሥሯ ምንም የለም። የሳጥኗ መብራት አረንጓዴ ነው። ስክሪኑ ላይ አቧራ አይቼ በጋቢዬ ጫፍ ልጠርገው እጄን ዘረጋሁ፤ መለስኩት። የመጋዘኑን አምፖል ሳላጠፋ፣ ኮምፒዩተሩን ሳልነካ፣ ሁለቱን ቆርቆሮ በር ገጥሜ ቆለፍኩ።